የቦኖው ቪዲዮ

በልጉ አልዘነበም። ክረምቱም ዘግይቶ መጣና ቶሎ ሄደ። በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ደረቀ። ጫቱ በማሳው ላይ ጠወለገ፤ ወደ ጭሮ የሚወርደው እስር በየሳምንቱ አነሰ። ከቆላ የተነዱ ከብቶች አጥንታቸው እየተቆጠረ በአስፋልቱ ዳር አለፉ። በከተማው ቧንቧ ውስጥ ከውሃ ይልቅ ነፋስ ያፏጭ ነበር። የውሃ ኮሚቴው የሰፈሩ ቦኖ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መግሪብ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ብቻ እንዲከፈት ወሰነ። ለአንድ ቤት በአንድ ተራ ሁለት ጀሪካን። ጉልበት ያለው ተሰልፎ ቀዳ፤ የሌለው ከጎረቤት ለመነ። ሰው የሰውን በርሜል በዓይኑ መለካት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ቪዲዮው የወጣው በዚህ መሐል ነበር።

ርዝመቱ ሃምሳ ሰከንድ ነው። ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ሊነጋ ይሁን ሊመሽ አይለይም። የቦኖው ጠባቂ ጋሽ ዘገየ ጎንበስ ቀና እያሉ አንድ ባጃጅ ላይ ጀሪካን ይጭናሉ። ስድስት ጀሪካን። ወረፋ አይታይም። ከበላዩ አዛን ይሰማል፤ የንጋቱ ሶላት፣ የሱብሂ አዛን። ከሥሩ «በሱብሂ የሚከፈተው ቦኖ፣ ለማን?» የሚል ጽሑፍ አለ።

ጽሑፉን የጻፈችው ነጅዋ ናት። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ጸሐፊ ናት። ቪዲዮውን የክበቡ ጓደኛዋ ኢያኤል በስልኳ ቀረጸችው፤ ሌላው አባል ሮቤል ኤዲት አደረገው፤ ነጅዋ ጻፈችበት፤ «ጭሮ ከክፍላችን» በሚባለው የቴሌግራም ቻናላቸው ላይ ለቀቁት። የሠሪዎቹ ስም አልነበረበትም። ስድስት መቶ የነበረው ተከታይ በአራት ቀን አምስት ሺህ አለፈ። ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ አመሰገኗቸው። ቪዲዮው በዞኑ የተማሪዎች ውድድር ላይ እንዲቀርብ ተመረጠ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ጋሽ ዘገየን ጠራቸው። «ሌሊት ከፍቼ አላውቅም» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አሉ፤ አልደገሙትም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። ቁልፉን የሮቤል አጎት ሳሚ ተረከበ።

ነጅዋ በሰልፍ ላይ የተባለላትን ቤቷ አላወራችም። ለምን እንዳላወራች ራሷንም አልጠየቀችም።

*

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ!» አለች እናቷ ሙሚና፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ከቦኖው የተመለሱት ገና አሁን ነው። «እነዚህን ሁለት ጀሪካኖች ለጋሽ ዘገየ ታደርሻለሽ።»

ነጅዋ ከስልኳ ቀና አለች። «ለማን?»

«ሰምተሽኛል።»

«እማ፣ የደረሰን እኮ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው!»

«የማክሰኞው ትርፍ አለ፤ ያብቃቃናል።» ሙሚና የጀሪካኑን ክዳን አጠበቀች፤ ክዳኑ ግን ያፈስ ነበር። «ወንድምሽ የተወለደ ቀን ውሃ ከጠፋ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነው። አዋላጇ ውሃ ስትል አባትሽ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሰፈር ይዞራል። ጋሽ ዘገየ ሰሙ። ቦኖውማ ደርቋል። ከገዛ በርሜላቸው ሁለት ጀሪካን በትከሻቸው አመጡልኝ። እመልሳለሁ ስላቸው፣ የእኔ በርሜል ሲደርቅ ትመልሻለሽ አሉኝ። ስምንት ዓመት በርሜላቸው አልደረቀም። አሁን ደርቋል። ወረፋው ላይ ቆመው አይተሻቸዋል?»

«አላየኋቸውም።»

«አይመጡማ! በምን ዓይናቸው!»

«ግን እማ፣ ቪዲዮውን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር እየደቀነ አሳይቶኛል። ያንን የሠራ ሰው ጋሽ ዘገየን አያውቃቸውም። ተነሺ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሳይመሽ።»

ነጅዋ ጀሪካኑን አነሣች።

የጋሽ ዘገየ ቤት ከቦኖው ጀርባ ባለው ዳገት ላይ ነው። ሁለቱን ባንዴ ማውጣት አልቻለችም። አንዱን ከቦኖው አጠገብ ሳምቡሳ ከምትጠብሰው ከእትዬ ውቢት ዘንድ አስቀመጠች፤ ሌላውን በጀርባዋ አዝላ ወጣች።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ክብ ክብ ቁራጭ በቢላ ያወጣሉ። ለቧንቧ አፍ የሚሆን ማጥበቂያ ነው። ቦኖው ከእጃቸው ቢወጣም እጃቸው ሥራውን አልረሳም። ጥግ ላይ በርሜላቸው ቆሟል። ክዳኑ ተገልብጦ አቧራ ይዟል።

«የሙሚና ልጅ፣ ምን አመጣሽ?»

«እማ ናት የላከችኝ። ያንን... የወንድሜን ጊዜ ውሃ ልመልስ ነው።»

ጋሽ ዘገየ ጀሪካኑን አዩ። ክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበውንም አዩ።

«እናትሽ አትረሳም» አሉ። «ይዘሽው ተመለሺ።»

«ለምን? በርሜልዎ እኮ ደርቋል።»

«ደርቋል። ግን ዛሬ በእኔ ደጅ ውሃ ሲገባ ያየ ሰው፣ ነገ ከየት አመጣው ይላል። እናትሽንም ያስጠይቃታል። ስሜ እንዲህ ሆኖ ውሃ አላስገባም።» ቢላቸውን ወደ ላስቲኩ መለሱ። «ሂጂ፣ ልጄ። ሰላም በያት።»

ነጅዋ ውሃውን አዝላ ወረደች። ሲወጡ የከበደ ነገር ሲወርዱ ይቀላል ይባላል። ይህ ግን አልቀለለም።

*

«መለሱሽ አይደል?» አለች እትዬ ውቢት። ከሰሏን ገና ማቀጣጠሏ ነው። «አውቄዋለሁ። ግትር ናቸው። አንቺስ ጋዜጠኛዋ፣ ምን ይሰማሻል?»

«ጋዜጠኛ ማን አለሽ?»

«እኔ እዚህ ጥግ ተቀምጬ የማልሰማው አለ? ልጆቹ ሳምቡሳ እየበሉ ነው የሚያወሩት፤ በነጻ።» ከት ብላ ሳቀች። «ደግሞ እኮ እኔም አክተር ነኝ! ቪዲዮው ላይ አለሁበት። አላየሽኝም?»

ነጅዋ ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውን ከሠላሳ ጊዜ በላይ አይታዋለች፤ ሁልጊዜም የምታየው ሽማግሌውንና ባጃጁን ነው። አሁን ጥጉን አየች። በግራ በኩል፣ ከታች፣ እሳት አለ። ጭስ አለ። አምባር ያጠለቀ እጅ መጥበሻ ላይ ተዘርግቷል። አምባሩ እትዬ ውቢት አሁን ያጠለቀችው ነው።

«እኔ ሳምቡሳ ስንት ሰዓት ነው የማወጣው?» አለች ውቢት።

«ማታ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ።»

«ታዲያ በሱብሂ ለማን ልጠብስ? ለጂን?»

«ለኮሚቴው አልነገርሻቸውም?»

«ነግሬያለሁ። ‹ስልክ አይዋሽም፤ አንቺ ግን እሳቸው ተራ ያስቀድሙሽ ነበር› አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። እኔም በዚህ ሰፈር ነዋሪ ነኝ፣ የእኔ እመቤት።»

ነጅዋ የጆሮ ማዳመጫዋን ሰካች። አዛኑ ጥርት ብሎ መጣ። «አስ-ሶላቱ ኸይሩን ሚነን-ነውም።» ሶላት ከእንቅልፍ ይበልጣል። ይህ ቃል የሚባለው በሱብሂ አዛን ላይ ብቻ ነው፤ በመግሪብ አይባልም። ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። «በሱብሂ» ብላ የጻፈችው ይህን ሰምታ ነው።

ጆሮዋ ንጋት ነው ይላል። ዓይኗ ምሽት ነው ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

ቀና ስትል ቦኖው አጠገብ የሮቤል አጎት ሳሚ የተረከበውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ደኅና ሰው ነው፤ አይጮህም፣ አይሰድብም። እሷ ግን ዓይኗን ከቁልፉ መንቀል አቃታት። ኤዲት ያደረገው ሮቤል ነው። ቁልፉን የያዘው አጎቱ ነው። ሐሳቡ አንዴ ከገባ አልወጣ አለ።

ለሮቤል ጻፈችለት፦ «የቦኖው ዋናው ቪዲዮ አለህ? ኤዲት ያልተደረገው።»

መልሱ ቶሎ መጣ። «አጠፋሁት። ምን ሊያደርግልሽ?»

ሮቤል ምንም ነገር አያጠፋም። የአምስተኛ ክፍል ፎቶዎች ሳይቀሩ ስልኩ ውስጥ አሉ። ነጅዋ ይህን ታውቃለች።

*

ኢያኤል አባቷ በሥራ ስለተዛወረ ገለምሶ ገብታለች። ቅዳሜ ጠዋት ነጅዋ ጻፈችላት፤ ማታ ኔትወርክ ሲሻል ዋናው ቪዲዮ ገባ። አብሮት መልእክት ነበር፦ «ማክሰኞ ነው የቀረጽኩት፣ መግሪብ ሊል ሲል፣ ከክላስ ስመለስ። ጋሽ ዘገየ ደስ ስላሉኝ ነበር። ለሮቤልም ነግሬዋለሁ። እናንተ የለቀቃችሁትን ሳይ ሌላ ነገር አጣርታችሁ መሰለኝ። ምነው?»

ነጅዋ ጓሮ ወጥታ አዳመጠች።

መጀመሪያ ነፋስ ነው። ከባድ ነፋስ፣ ጆሮ የሚበሳ። ለመዝጋት እጇን ሰነዘረችና ተወችው። በአሥራ አንደኛው ሰከንድ ነፋሱ ረገብ አለ። የጋሽ ዘገየ ድምፅ መጣ።

«ለጤና ጣቢያው የወላዶች ማቆያ ነው። ስድስት ነው የሚፈልጉት። ከእናንተ ተራ ላይ ነው የምወስደው። ትፈቅዳላችሁ?»

ከሥዕሉ ውጭ ያለው ወረፋ መለሰ። በሥዕሉ ላይ የማይታየው ወረፋ።

«ይሁን!» «ሃ ታኡ!» «ውሰዱ ጋሽዬ፣ ወላድ ትጠጣ!»

አንድ ወንድ፣ «እኔም ልወልድ ነው፣ ጨምሩልኝ!» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። ነፋሱ ተመለሰ።

ነጅዋ ሦስት ጊዜ አዳመጠችው። ያን ማታ የተሰለፉት ሴቶች የተለቀቀውን ቪዲዮ አይተውታል። የሱብሂን አዛን ሲሰሙ ግን «ይሄማ ሌላ ቀን ነው» ብለው አለፉ። ራሳቸው የቆሙበትን ምሽት አላወቁትም። አዛኑ የተጫነው በገዛ ድምፃቸው ላይ ነበር።

*

ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሮቤልን ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ብቻውን አገኘችው።

«ኧረ አቦ ነጁ፣ ምነው እንደ ፖሊስ አየሽኝ?»

«አዛኑን ከየት አመጣኸው?»

ሮቤል ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን ሙሉ አልነበረም። ስልኩን ከፍቶ አሳያት። አንድ ፎልደር ሙሉ ድምፅ ነው፦ «ዝናብ»፣ «ገበያ»፣ «ሁካታ»፣ «አዛን ቆንጆ»።

«ከመስኮታችን የቀረጽኩት ነው። ጠዋት መኪና ስለሌለ ጥርት ብሎ ይገባል። የኢያኤል ቪዲዮ ነፋስ ብቻ ነበር፤ እስከ መጨረሻው መስማት ራሱ አልቻልኩም። መግሪብ ሊል ሲል ነው ስላለችኝ፣ አዛን ይሄድለታል አልኩ። ለማሳመር ነው፣ ወላሂ! አዛን አዛን አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። የሱብሂው ሌላ ቃል አለው። አንተ አታውቀውም። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሮቤል ፎልደሩን ዘጋ።

«መግሪብ መሆኑን ካወቅክ፣ ‹በሱብሂ› ብዬ ስጽፍ ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንቺ ነሻ የጻፍሽው!» ድምፁ ከፍ አለ። «የሰፈሩ ልጅ አንቺ፣ ከቦኖው ፊት ለፊት የምትኖሪው አንቺ። ሌላ ጊዜ በሱብሂ ሲከፍቱ አይተሽ፣ ጠይቀሽ መሰለኝ። ጠይቀሻል?»

ነጅዋ ማንንም አልጠየቀችም። ከቤቷ እስከ ቦኖው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሁለት መቶ እርምጃ ሄዳ ሽማግሌውን «መቼ ነው ይሄ?» አላለችም። እሷ ሮቤል የጫነውን አዛን ሰማች፤ ሮቤል የእሷን ጽሑፍ አነበበ። አንዱ በሌላው ተማምኖ ሁለቱም አልጠየቁም።

«ዋናውንስ ለምን አጠፋሁት አልከኝ?» አለች፣ ዝግ ብላ።

ሮቤል መሬት መሬት አየ። «አጎቴ ቁልፉን ከያዘ በኋላ ነገሩ ከነከነኝ። አንቺም እንደዚህ እንደምታስቢ አውቄያለሁ፤ ሆን ብሎ ነው እንደምትዪ። ፈራሁ። አለኝ፤ አላጠፋሁትም።»

እንዲያ አስባ ነበር። አልካደችውም። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠችው።

ሮቤል አዳመጠ። «እኔም ልወልድ ነው» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ላይ ሳቅ መጣና ወዲያው ጠፋ። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

«እናጥፋው» አለ። «አሁኑኑ ከቻናሉ ላይ እናጥፋው፤ በቃ።»

«ከእኛ ላይ ይጠፋል። ከሰው ስልክ ላይ ማን ያጠፋዋል? እማ እንኳን በጎረቤት ስልክ ነው ያየችው።»

«እሺ ውድድሩ ይለፍ። ዓርብ ነው፤ አራት ቀን። ነጁ፣ በዞን ደረጃ እኮ ነው!»

አራት ቀን። ነጅዋ ውድድሩን አላሰበችም ማለት ሐሰት ነው። ለዚያ ቀን የምትለብሰውን ሳይቀር መርጣለች። ግን የተገለበጠው የበርሜል ክዳን ከዓይኗ አልጠፋ አለ። በአራት ቀን ውስጥ ደግሞ ማክሰኞ አለ፤ የቦኖው ቀን።

«እንዲህ እናድርገው» አለች። «ሙዚቃ የለም። መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ፣ ያለ ድምፅ። ከዚያ ያንኑ ሥዕል ከአዛኑ ጋር፤ ‹ይህን ድምፅ የጨመርነው እኛ ነን› ብለን ሥሩ እንጽፍበታለን። ከዚያ ዋናውን፣ ከነነፋሱ። የሚሉትን ቃል በቃል በአማርኛም በኦሮምኛም እንጽፋለን። አሮጌውም አይጠፋም፤ ‹ስሕተት ነው› ተብሎበት ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ስም። ቀራጭ ኢያኤል፣ ድምፅ ሮቤል፣ ጽሑፍ ነጅዋ።»

«ስም? ስም ለምን? እስከ ዛሬ ስም አስገብተን እናውቃለን?»

«የእሳቸው ስም ወጥቷል።»

ሮቤል የጆሮ ማዳመጫውን መለሰላት። ውጭ ደወል ተደወለ።

«አንድ ቀን ስጪኝ» አለ። «ለአጎቴ ራሴ ልንገረው። ከቴሌግራም ከሚሰማ።»

ነጅዋ ፊቱን አጠናች። እውነቱን ይሁን ለማዘግየት ይሁን መለየት አልቻለችም። «እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት» አለች። «ከዚያ በኋላ የእኔን ስም ብቻ አድርጌ እለቀዋለሁ።»

ያን ማታ ለእናቷ ነገረቻት። ሙሚና አልተቆጣችም። ጀሪካኖቹን በሩ ሥር ደረደረች። በመጨረሻ፣ «ነገ ተራችንን አንቺ ትቆሚያለሽ» አለቻት።

*

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ አምስት የነጅዋ ስልክ ነዘረ። «ስሜን አስገቢ። አጎቴ ሰድቦኛል፤ ግን ነገርኩት።» ነጅዋ ወረፋው ውስጥ እንደቆመች ለቀቀችው።

እንደ ፊተኛው አልሮጠም። አንድ ሰዓት አልፎ ያየው ሰው ሁለት መቶ አልሞላም። «ተከፍሏችሁ ነው!» የሚል መጣ። «ልጆች ምን ያውቃሉ» የሚል መጣ። ከክበቡ አስተማሪ፣ «ቢሮ እንነጋገራለን፤ ውድድሩ ላይ አንቀርብም» የሚል መጣ። ነጅዋ አንብባ ኪሷ ከተተችው።

ከፊቷ የቆመች ሴት ግን ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች። ድንገት ጮኸች።

«ይሄ የእኔ ድምፅ ነው! ‹ሃ ታኡ› ያልኩት እኔ ነኝ! ስሙ እስቲ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሴቶቹ ጆሯቸውን እያስጠጉ ድምፃቸውን ፈለጉ። «እኔም ልወልድ ነው» ያለውን ሰው ለዩት፤ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ አሁንም አልወለደም እያሉ አላገጡበት። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። አንዷ ወደ ዳገቱ ቀና ብላ አየች። ሌሎቹም አዩ። ሳሚ ቧንቧው አጠገብ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። የነጅዋ ተራ ሲደርስ አላናገራትም። ሁለቱን ጀሪካን እስከ አፋቸው ሞላላት።

መጀመሪያ አንዱን ይዛ ወጣች፤ ተመልሳ ሌላውን።

ጋሽ ዘገየ ቆመው ጠበቋት። እትዬ ውቢት ቀድማ ስልኳን ይዛ ወጥታ ኖሯል፤ ዘይት ዘይት የሚሸት የወረቀት ጥቅል ደጃቸው ላይ አለ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ነጅዋ። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«አውቃለሁ።»

«ውቢት አሁን ነገረችዎት?»

«ዓርብ ስትመጪም አውቅ ነበር፤ ቀድማ ነግራኛለች።»

«ታዲያ ውሃውን የመለሱት ለዚያ ነው?»

«የመለስኩት በነገርኩሽ ምክንያት ነው። ሌላ አልጨመርኩበትም።»

ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ጀሪካን አነሡ። ልታግዛቸው እጇን ዘረጋች፤ በዓይናቸው መለሷት። አቧራው ከተጠረገው በርሜል ውስጥ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ገባ። ጀሪካኑን ገልብጠው የመጨረሻዋን ጠብታ ጠበቁ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ከኪሳቸው ሁለት ክብ ላስቲክ አውጥተው፣ በየክዳኑ ውስጥ አንዳንድ ሰኩና አጥብቀው ዘጉ።

«ያፈስ ነበር» አሉ። ባዶዎቹን ጀሪካኖች ሰጧት። «ያኔም ሁለት ነበር።»

«ሁለት ነው» አለች ነጅዋ።

«ለእናትሽ ንገሪያት።»

ዳገቱን ስትወርድ ወደ ኋላ ዞር አለች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። የበርሜሉን ክዳን አልገጠሙትም። የግቢውንም በር አልዘጉትም፤ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።